«መቼ ነው የምትጨርሰው?» አትበይው

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው፤ ሽምብጥ ነው ቤታችን። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። በ2015 መስከረም ለዶክትሬት ቤልጅየም ሄደ። የሚያጠናው የጣናን ዓሣ ነው። አራት ዓመት ይፈጃል ብሎኝ ነበር፤ ይኸው አራተኛውን ጀምሯል። ሲሄድ ዳዴ ትል የነበረች ልጃችን አራት ዓመት ሆናት። እናቱም ከእኔው ጋር ናቸው።

በፊት በየማታው ይደውል ነበር። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት እንኳ በመደበኛው ስልክ ይደውል ነበር። ከጥቅምት ማብቂያ ወዲህ ግን በሳምንት አንዴ ቢደውል ነው። ሲደውልም «ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፤ አለቀ። ከስቷል። መቼ እንደሚጨርስ ስጠይቀው ይቆጣል። በ2016 ክረምት ለናሙና መጥቶ ወደ ጉማራ ወንዝ መውጣት ስላልተቻለ ሁለት ወር ቤት ተቀምጦ ነው የተመለሰው። ባለፈው ክረምት ነው እንደምንም የተሳካለት።

ጓደኞቼ «ሌላ ሴት ይዟል» ይሉኛል። እናቱ ደግሞ «ዶክተሩ ልጄ» እያሉ ለምርቃቱ ድግስ ጌሾ ገዝተው አስቀምጠዋል። አንዳንዴም «የጣናን ዓሣ ለማየት ፈረንጅ አገር መሄድ ምን ይሉታል?» ይላሉ። እኔ ምን ላድርግ? ሥራዬን ትቼ ልሂድበት? ወይስ ትተኸው ና ልበለው?»

መልስ፦

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት እህቴ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ ተተከለ። «ከጥቅምት ማብቂያ ወዲህ» ብለሻል። እስቲ «ሌላዋን ሴት» ለጊዜው እናቆያትና ከሰዓቱ እንጀምር።

ፈረንጆቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ። በመጋቢት አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል። በእነሱ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ፣ በእኛ ጥቅምት ሲጋመስ፣ መልሰው ወደኋላ ይጎትቱታል። የእኛ ሰዓት አይነቃነቅም። ስለዚህ በበጋቸው ባሕር ዳር ቤልጅየምን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ በክረምታቸው በሁለት። ባልሽ ከላብራቶሪ ወጥቶ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይደውል ነበር እንበል። ያኔ እናንተ ጋ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ልጅቱ እራቷን ትበላለች፣ አንቺ ደብተር ታርሚያለሽ። ከጥቅምት በኋላ ያው 12 ሰዓት ተኩል እናንተ ጋ 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። ልጅቱ ተኝታለች፣ አንቺም ደክሞሻል። ሁለት ቀን «ተኝታለች» ከተባለ በሦስተኛው ቀን «ከምቀሰቅሳቸው ነገ ልደውል» ይላል። ነገም ያው ነው።

ነገሩ ሁሉ የሰዓት ነው እያልኩሽ አይደለም። መደወል የፈለገ ሰው እኩለ ሌሊትም ይደውላል። ግን በዚሁ ሰሞን ጨለማውም አብሮ ይመጣል። በታኅሣሥ ብራስልስ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። 10 ሰዓት ከ40 ላይ ትጠልቃለች። ቀኑ ስምንት ሰዓት አይሞላም፤ እሱም ደመና ከፈቀደ ነው። ባሕር ዳር ላይ በዓመቱ አጭሩ ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው። ጣና ዳር ያደገ ሰው በጨለማ ገብቶ በጨለማ ሲወጣ፣ መጀመሪያ እንቅልፉ ይዛባል፣ ቀጥሎ ምግቡ፣ ከዚያ ወሬው። «ከስቷል» ያልሽው ከዚህም ሊሆን ይችላል።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። ዶክትሬቴን እዚያው አውሮፓ ስሠራ የሦስት ዓመት ልጄን ለእናቴ ትቼ ነበር የሄድኩት። ያኔ ቪዲዮ የለም፤ የምንደውለው በካርድ ነው፤ ደቂቃው ሲያልቅ አፍሽ ላይ ይዘጋል። በሁለተኛው ክረምቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልደውል ቀረሁ። ካርድ ጠፍቶ አይደለም። ያንን ወር የላክሁት ጽሑፍ ለሁለተኛ ጊዜ ሪጀክት ተደርጎ ነበር። እናቴ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ጥሩ ነው» ማለት አቃተኝ። እሷን መዋሸት ከምጀምር ድምፄን ማጥፋት ቀለለኝ። በመጨረሻ ስደውል ልጄ ስልኩን ያዘችና ትንሽ አዳምጣ እናቴን «እማዬ፣ ዝጊያት በቃ» አለቻት። ልጄ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ አታስታውሰውም። እኔ ግን አስታውሳለሁ።

ባልሽ ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ በውድ ይደውል የነበረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በነፃ መደወል ሲችል ካልደወለ፣ ነገሩ የገንዘብም የፍቅር ማለቅም ላይሆን ይችላል። እኔ የምጠረጥረው ሐፍረትን ነው።

«ሌላ ሴት የለችም» ብዬ ግን አልምልልሽም። አላውቀውማ። እዚያ ሄደው ትዳራቸውን የረሱ አይቻለሁ፤ በረዶ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ፎቶ የሚስሙም አይቻለሁ። ጓደኞችሽም እንደ እኔው ናቸው፤ አያውቁም። ልዩነታችን እነሱ እርግጠኞች መሆናቸው ነው። ደብዳቤሽ ላይ ለቁጣው የሚበቃ ሌላ ምክንያት በግልጽ ተጽፏል፤ እሱን ላሳይሽ።

እናቱ «የጣናን ዓሣ ለማየት ፈረንጅ አገር መሄድ ምን ይሉታል?» ማለታቸውን ወድጄዋለሁ። ግማሽ እውነት አላቸው። ጣና ላይ ከቀረሶና ከአምባዛ ሌላ፣ እኛ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ ብለን የምንበላው አለ አይደል? እሱ አንድ ዓሣ አይደለም። ወደ 15 የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። እነዚህን ለይቶ ለማወቅ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ናቸው ወደ ባሕር ዳር የመጡት። ስለዚህ መምጣት የነበረባቸው እነሱ ናቸው ቢሉ እማማ ልክ ናቸው፤ መጥተዋልም። ነገር ግን ዓሣው እዚህ ሆኖ መሣሪያው፣ ገንዘቡና ጽሑፉን የሚያወጣው ጆርናል እዚያ ነው። ባልሽ በሁለቱ መሀል የሚመላለስ ሰው ነው።

አሁን ዋናው መጣ። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በክረምት ነው። ዝናቡ ሲበረታና ወንዙ ሲሞላ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሽቅብ ይወጣሉ። ያንን የሚያጠና ሰው ናሙናውን የሚያገኘው በእነዚያ ወራት ብቻ ነው። ክረምቱ ካመለጠው ቀጠሮው ለአንድ ዓመት ተዛወረ ማለት ነው። ዓሣው «የጸጥታ ችግር አለ፣ ኅዳር ላይ ልምጣልህ» አይልም። የ2016 ክረምት አመለጠው። የ2015ቱም በዚያው ነሐሴ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ውስጥ የወደቀ ነው። ከአራት ዓመት ሁለት ክረምት ሲጎድል በጥናቱ ላይ ምን ያህል ቀዳዳ እንደሚሆን አስቢው። ስንፍና አይደለም። ግን የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ ክረምት ጎደለብኝ ብለው ካልጠየቁት በራሱ አይራዘምም። አራት ዓመት ሲሞላ የወር አበሉ ይቆማል፤ ጽሑፉ ግን ያላለቀ ሊሆን ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዱም በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ሲታደስም «በምን ትኖራለህ?» የሚል ጥያቄ አለበት።

እዚህ ደግሞ ሌላ ገመድ አለ። የእኛ ዩኒቨርሲቲ መምህር ለትምህርት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ውል ፈርሞ፣ ዋስ ጠርቶ ነው። ዋሱ የሥራ ባልደረባው ይሆናል። እሱ ካልተመለሰ የዋሱ ደመወዝ ይነካል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሳለ አንቺ በፍቅር «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ትይዋለሽ። አንቺ ቀኑን ነው የጠየቅሽው። እሱ የሚሰማው «እንዳልቻልክ ገብቶኛል» የሚል ነው። ቁጣው ከዚያ ይመስለኛል።

ብቻውን እንዳልሆነም እወቂ። እሱ ባለበት በቤልጅየም፣ በፍላንደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አለ። 3,659 የዶክትሬት ተማሪዎችን ጠይቀው ከሦስቱ አንዱ ለአእምሮ ጤና ችግር በተለይም ለድብርት የተጋለጠ ሆኖ አገኙት። ብዙዎቹ ማታ ወላጆቻቸው ቤት እራት ሊበሉ የሚችሉ የአገሩ ልጆች ናቸው። ባልሽ ባቡር ተሳፍሮ ሽምብጥ አይደርስም።

ሰው ዶክትሬት ሲባል ክፍል፣ ፈተናና ውጤት ያለበት ይመስለዋል። የለበትም። ወንበርሽ ላይ ትቀመጫለሽ፤ «ዛሬ ይህን ሥሪ» የሚልሽ የለም። ፕሮሞተር የሚሏቸው ዋና አማካሪ አሉ። በስማቸው ጥራኝ ይላሉ፤ ያ ራሱ «እርስዎ» ብሎ ላደገ ሰው ወራት ይፈጃል። እኔን የጎዳኝ ግን ስም አጠራሩ አልነበረም፤ «እሺ» ነው የጎዳኝ። ታውቂዋለሽ የእኛን «እሺ»። «ሰምቻለሁ» ማለት ነው፣ «አክብሬዎታለሁ» ማለት ነው፣ አንዳንዴም «ይቅርታ፣ አልችልም» ማለት ነው። አማካሪዬ «በሁለት ሳምንት ይደርሳል?» ይሉኛል፤ እኔ «እሺ»። እሳቸው ቀኑን አጀንዳቸው ላይ ይጽፉታል። ሁለት ሳምንቱ ሲደርስ እኔ እደበቃለሁ። አንድ ጊዜ ደረጃውን ሲወጡ ሰምቼ ወረቀት ማባዣው ክፍል ገብቼ ቆሜያለሁ፤ የምባዛው ወረቀት አልነበረኝም። ባልሽም በዚህ በሽታ የተያዘ ይመስለኛል። ለአንቺ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ለአማካሪው «እየሄደልኝ ነው» ማለቱ አይቀርም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ሥራሽን ትተሽ አትሂጂ። ቤተሰብ መውሰድ ይቻላል፤ ግን የቤትና የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ሂደቱም ወራት ይወስዳል። ሲያልቅ እሱ ሊመለስ ጥቂት ወር ቀርቶት አንቺ ያለ ሥራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትገኛለሽ። «ትተኸው ና» የሚለውንም አንቺ አትበይው። ይህን ቃል ካንቺ ከሰማ፣ ነገ በትምህርቱም በትዳሩም የሚቆጨው ያንቺን አፍ ይዞ ነው። ማቆም ካለበት እሱ ይበለው፣ አንቺ ደግሞ «ቤትህ ቤትህ ነው» በይው። እሱን ግን አስቀድመሽ ንገሪው፤ ሳይጠየቅ። «ብትጨርስም ባትጨርስም የምትመለሰው እዚሁ ነው» የሚል አንድ የድምፅ መልእክት በዋትሳፕ ብትልኪለት ከአንድ ወር ጭቅጭቅ ይበልጣል።

ቀጥሎ የስልኩን ሰዓት አስተካክሉ። እናንተ ጋ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ 11 ሰዓት ነው። ልጅቱ ነቅታለች። «በሥራ ሰዓት እንዴት እወጣለሁ?» ይልሻል። ቤልጅጎቹን ይይ። ልጅ ያለው ሰው 11 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩን ዘግቶ፣ ብስክሌቱን ይዞ ልጁን ሊያመጣ ይሄዳል። ማንም በክፉ አያየውም። እሱም «ልጄን ላናግር ነው» ብሎ አሥር ደቂቃ ኮሪደር ላይ ቢቆም ያከብሩታል እንጂ አይታዘቡትም። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ግን ቀኑ የታወቀ ይሁን። በመጋቢት ሰዓታቸው መልሶ ሲዞር እናንተም አዙሩት።

ሲደውልም ስለ ማለቂያው አትጠይቂው። «ዛሬ ጠረጴዛህ ላይ ያለው የትኛው ምዕራፍ ነው?» በይው። ትንሽ ጥያቄ ናት፤ ትንሽ መልስ አላት። ለልጅቱ ስለ ዓሦቹ እንዲነግራት አድርጊ። ጣና ውስጥ ዓሣ የሚበላ ነጭ ዓሣ እንዳለ ታውቂያለሽ? ሲነግራት እሱም ለምን እንደሄደ ትዝ ይለዋል።

አሁን ከበድ ያለው። አንድ ቀን ረጋ ብሎ ሲያወራሽ ሦስት ነገር ጠይቂው፤ እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ። ስለጎደሉት ሁለት ክረምቶች ለፕሮሞተርህ በጽሑፍ ነግረሃቸዋል? የማራዘሚያ ገንዘብ ካለ ማመልከቻው እስከ መቼ ነው? የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ባሕር ዳር ሆነህ ልትጽፋቸው ትችላለህ? ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ናሙናው ከተሰበሰበ፣ የላብራቶሪው ሥራ ካለቀ በኋላ የሚቀረው መጻፍ ነው፤ ጽሑፍ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢም ሆኖ ይጻፋል። አማካሪዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚቀበሉት ቀደም ብሎ ከተነገራቸው ነው። ከአማካሪው ጋር መነጋገር ካልቻለ የዚያ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለዶክትሬት ተማሪዎች አቤቱታ የሚሰማና የሚያስታርቅ ሰው አላቸው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም አላቸው። ወደ እነሱ መሄድ መዝገብ አያበላሽም። የእኛ ሰው «እብድ ነኝ ወይ?» ብሎ ነው የሚቀረው። እንቅልፍ ማጣቱ ከበረታ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል ቃል ካፉ ከወጣ ግን ምዕራፍ ምናምኑን ተዪውና በዚያው ቀን ሐኪም እንዲያይ፣ ጓደኛም እንዲያድርለት አድርጊ።

አንቺም የምትሠሪው አለ፤ እሱ ከዚያ ሆኖ የማይችለው። የትምህርት ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ አረጋግጪ። አራት ዓመት ተብሎ ከተጻፈ ማራዘሚያው ቀኑ ከማለፉ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ካለፈ በኋላ ደመወዙ ይቆምና ለማስመለስ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ይመጣል። ከአማካሪው የድጋፍ ደብዳቤ ያስልክ፣ አንቺ ደግሞ በውክልናሽ ይዘሽ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂጂ። ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ሳትይዢ አትመለሺ። «ትተሽው ሂጂ፣ እንደውልልሻለን» ካሉሽ ቁጭ በይ። አሥር ዓመት ቢሮ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ትተሽው የሄድሽው ወረቀት ይተኛል። ዋሱንም ቡና ጠርተሽ አናግሪው። ከሰው ከሚሰማ ካንቺ ቢሰማ ይሻለዋል።

እናቱን እንዴት እንደምታደርጊያቸው እኔ ካንቺ አላውቅም። ግን «ዶክተሩ ልጄ» የምትለዋ ቃል ለእሱ ከባድ ናት። አማት ናቸውና በምክር አይሆንም፤ በወግ ይሆናል። እዚያ ምርቃት እንደ ፔዳ በሐምሌ ቀን ተቆርጦ፣ ሁሉም ጥቁር ጋዋን ለብሶ የሚወጣበት እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ጽሑፉ ሲያልቅ ዳኞች ያነቡታል፤ ይመልሱታል፤ ያስተካክለዋል። «ይበቃል» ሲሉ ነው ቀን የሚቆረጠው። ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከዚያ ድረስ ወራት ይሄዳል። ጌሾው አይበላሽም፤ ይቀመጥ። ብቅሉ ግን አሁን እንዳይበቅል።

በመጨረሻ የፈረንጅ ገና ቀርቧል። በዚያ ሳምንት ሕንፃው ይዘጋል፣ ከተማው ጭር ይላል፣ ሁሉም ቤተሰቡ ጋ ነው። ለብቸኛ ሰው ከዓመቱ ክፉው ሳምንት ነው። የእኛ ገና ሲደርስ ደግሞ እሱ ሥራ ላይ ነው። እነዚያን ሁለት ሳምንታት በስልክ አትለዪው።

የሚሄድ ሰው ካገኘሽ ትንሽ ነገር ላኪለት። በርበሬና ሽሮ ይገባል፣ በሶም ድርቆሽም። ቋንጣና ቅቤ ግን አትላኪ። አውሮፓ ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገባም። እናቴ አንድ ወር ሙሉ ያደረቀችውን ቋንጣ ኤርፖርት ላይ ጓንት ያጠለቀ ልጅ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ቢን ውስጥ ሲጥለው ቆሜ አይቻለሁ። እስካሁን ለእናቴ «በጣም ይጣፍጥ ነበር» እንዳልኳት ነው። በርበሬውን ደግሞ በሁለት ላስቲክ እሰሪው፤ የሰውየው ሸሚዝ ላይ ከፈሰሰ ሁለተኛ አይወስድልሽም።